የሞተው መጨረሻ ላይ ነው

ፊልም አውቃለሁ ስል ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። አብነት ሰፈር የቪዲዮ ካሴት ሳከራይ፣ ኋላም መርካቶ ገብቼ ሲዲ ስሸጥ፣ ደንበኛ «ጋሼ ዘውገ፣ ይሄ እንዴት ነው?» ካለኝ አምስት ደቂቃ አይቼ እፈርዳለሁ። በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. የመርካቶ ፊልም ሻጮች ተሰብስበን ሽልማት ስናቋቁም ለዳኝነት መጀመሪያ የተጠራው የእኔ ስም ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሌሎቹ ዳኞች ባዶ ሲዲ የሚያስመጣው ጠይብና በወጣትነታቸው ቴአትር ሲሠሩ የኖሩት እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። አንደኛ የወጣውን ፊልም ሁላችንም በየሱቃችን ልናከፋፍል ተስማምተናል። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም፤ ያልተከፋፈለ ፊልም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ለመጨረሻው ዙር ሁለት ፊልም ቀረ። አንዱ የሠርግ ኮሜዲ ነው። ሁለተኛው ሀፍሷ የምትባል ልብስ ሰፊ ልጅ ጎጃም በረንዳ፣ መጋዘኖቹ መሀል የቀረጸችው ምናባዊ ድራማ። እንደ ሌላው ሁሉ ለእያንዳንዳችን በሁለት ሲዲ ነው የመጣው። እኔም ከላይ ያገኘሁትን አንስቼ ዴክ ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ተሸካሚ ኩንታል እንደተሸከመ በረንዳ ለበረንዳ ይዞራል። ሰው ያናግራል፤ ማንም አይመልስለትም። ሴት ልጁ ብቻ ታየዋለች። በኋላ ሸክሙን ከጀርባው ታወርድለታለች፤ ወዲያው የተዋንያኑ ስም ይዘረዘራል። «ይቺ ልጅ ፊልም የት እንደሚያልቅ እንኳ አታውቅም!» ብዬ ሳቅሁ። ሌላውን ሲዲ አስገባሁ፤ እዚያ ደግሞ ርዕሱ ገና መጣ። ሰውየው እንደገና ተሸክሟል፤ ወደቀ፣ ሞተ፣ ተቀበረ፣ አለቀ።

ለፍርድ ስንቀመጥ ጠይብ ሥራ በዝቶበት ሁለቱንም ፊልም እየዘለለ እንዳየ ተናገረ። እትዬ በለጥሻቸው ግን እንባ አቅርረው፣

«የልጅቱ ይብለጥ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አላየሁም።»

«እትዬ፣ ሰውየው ሲያናግራቸው እኮ አይመልሱም! ተዋናይ እንዲህ ይሠራል?»

«የሞተ ሰው እኮ ነው ዘውገ። እንዴት ይመልሱለት?»

«የሞተው መጨረሻ ላይ ነው!» ጠረጴዛውን መታሁ። «አላዩትም ማለት ነው። ወይም አይተው ረስተውታል።»

ይህን ባልል ምን ነበረበት? ዕድሜያቸው እንደገፋ፣ ስም እየጠፋባቸው እንደሚጨነቁ እያወቅሁ ነው ያልኩት። እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን ጫፉን ይዘው አሻሹት። «እንግዲህ... ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። ጠይብም ከእኔ ጋር ሆነ። የሠርጉ ኮሜዲ ተሸለመ።

በሳምንቱ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ የሀፍሷን ሲዲዎች አነሳሁ። በእስክሪብቶ አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» ተብሎ ተጽፏል። የሱቄን በር ዘግቼ ከ«ሀ» ጀመርኩ። ሰውየው ገና ሲጀምር ወደቀ። ሞተ። «ለ»ን ሳስገባ ከነሸክሙ ተመልሶ መጣ፤ ልጁ እስክታወርድለት ድረስ ሞቶም አላረፈም። አለቀስኩ። ልጅቱ ሽልማቱን ማግኘት ነበረባት፤ እኔ ሲዲ ነጋዴው ሁለተኛውን ሲዲ አስቀድሜ አይቼ ነሳኋት። ለማን ልናገር? መርካቶ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው። ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠይብ መጥቶ፣ «ጋሼ ዘውገ፣ እትዬ በለጥሻቸው ለከርሞ ሌላ ዳኛ ፈልጉ አሉ። ጭንቅላቴ ከድቶኛል ነው የሚሉት» አለኝ።

የዚያኑ ቀን አማኑኤል ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣

«ያን ቀን ያልሆነውን ሆነ ብዬ ስለተከራከርኩህ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አቀርቅሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሰውየው ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር እትዬ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ቀጥሎ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሦስት... ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሦስት ሳምንት! እኔ በር መቆለፌን እየተጠራጠርኩ ከመንገድ ስመለስ ነው የከረምኩት። ለልጄ፣ ስምሽን የረሳሁ ዕለት እዚህ ጎረቤታችን የአእምሮ ሆስፒታል አስገቢኝ ብያታለሁ።»

ነጠላቸውን አጣፉ።

«ለሀፍሷስ ነግረሃታል?»

«ነገ...»

«ተነሳ! አንተ ትናገራለህ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ጎጃም በረንዳ፣ ልጅቱ ከምትሰፋበት ደረስን። ሀፍሷ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች፤ ፊቷ በራ።

«ጋሼ ዘውገ! እኔው ልመጣልዎት ነበር እኮ! ያሉትን ጠይብ ነግሮኝ ፊልሙን አስተካከልኩት። ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬን ሸጬ ካሜራ ተከራየሁና ደግሜ ቀረጽኩት። አሁን ሲያናግራቸው ሁሉም ይመልሱለታል።»