ሦስተኛው ኖዝል

ሀሩን ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እየጫነ የሚያድር ሰው ነበር። ጦርነቱ በሰሜን በተፋፋመበት ክረምት፣ ሚስቱ ጣይባ ምጥ ይዟት ባደረች ጠዋት፣ አሮጌዋ የናፍጣ ፒክአፑ ናፍጣ መርጫ ኖዝሎቿ ወልቀው ጋሽ ታከለ ጋራዥ ቆማለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ልጁ ተጋድሟል፤ እኛ አንችለውም፣ ደብረ ብርሃን አድርሷት" ብላዋለች። ሌላ መኪና ቢፈልግ አጣ፤ ያገኘው ሁሉ ለጦሩ ስንቅ ሊጭን ታዟል።

ጋሽ ታከለ ኖዝል የተደረደረባቸው ሁለት ጨርቅ ዘረጉለት።

"እነዚህ አዲስ ናቸው። ልክ ይገባሉ፣ ግን የተሠሩት ለሌላ ሞተር ነው። ናፍጣውን ምን ያህል፣ ወዴት እንደሚረጩት እንጃ። እነዚህ ደግሞ የራስህ ናቸው። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም መበተን አለበት፤ ያንተ ሦስተኛው ግን ያንጠባጥባል። የተንጠባጠበ በደንብ አይነድም፤ ያጨሳል፣ ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል።"

"ትክክለኛውስ?"

"ከአዲስ አበባ ነገ ማታ ይደርሳል።"

የጣይባ የምጥ ጩኸት ከሀሩን ጆሮ አልወጣም። "በአዲሱ አራቱንም ልጠራጠር ነው፤ በኔው አንዱን ብቻ። የኔን ይግጠሙልኝ፣ ጋሼ።"

ጣይባ ጋቢና ውስጥ እናቷን እትዬ ራቢዓን ተደግፋ ተቀመጠች። ደብረ ሲናን እስኪያልፉ ሞተሩ ቻለው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ በረታ፤ ሦስተኛው ማንኳኳት ጀመረ፣ ከኋላቸውም ጥቁር ጭስ ይከተላቸው ነበር። ሀሩን በየኩርባው "አይዞሽ፣ ደረስን" ይላል። እንዳልደረሱ ሦስቱም ያውቃሉ።

የጣርማ በር ዋሻ መሐል ሲደርሱ የመኪናው ሰልፍ ቆመ። ወደ ሰሜን የሚወርድ የወታደር ካሚዮንና ወደ ላይ የሚወጣ ተሳቢ ተላትመው መንገዱን ዘግተውታል። ከፊት ተሳቢው፣ ከጎን ወታደር የጫኑት ካሚዮኖች፣ ከኋላ አውቶቡስ። ወደየትም መሄጃ የለም። የመኪናዋ ጭስ የሚወጣበት አጥቶ በመስኮት ተመልሶ ገባ። ጣይባ በሳልና በምጥ መሐል ትንፋሽ አጠራት።

"አጥፋው! ልጄን ልትገድላት ነው!" አሉ እትዬ ራቢዓ።

"ባትሪው ሞቷል፣ እማማ። ካጠፋሁት አይነሳም።"

ካላጠፋው በጭስ ትታፈናለች፤ ካጠፋው እዚያው ጨለማ ውስጥ ልትወልድ ነው። ሀሩን "ያ አላህ" ብሎ ቁልፉን መልሶ ሞተሩን አጠፋው።

ዝምታው ከማንኳኳቱ ይልቅ አስፈራው። በአውቶቡሱ መብራት ኮፈኑን ከፈተና ወደ ሦስተኛው ኖዝል የሚሄደውን ቧንቧ በመፍቻ ፈታ። ናፍጣው ሞተሩ ላይ ፈስሶ እሳት እንዳይነሳ የቧንቧውን ጫፍ ወደ ጎን መልሶ ቀጭን ጎማ አጠለቀበት፣ የጎማውንም ሌላ ጫፍ ባዶ ጄሪካን ውስጥ ከተተ። ሦስተኛው ናፍጣ ካላገኘ አያጨስም፤ የቀሩት ሦስቱ ይጎትቷታል። ለመጎተታቸው ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ፊት ያለው ተሳቢ ተንቀሳቀሰ። የኋላው አውቶቡስ ጡሩምባውን ለቀቀው። ሀሩን ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ቃተተና ዝም አለ። ወርዶ ትከሻውን በሩ ላይ አደረገ፤ ብቻውን የሚነቀንቃት አልሆነችም።

በዚያ ጊዜ ነው ጣይባ የጮኸችው።

ከጎን ካሚዮን አንድ ድምፅ "ምንድን ነው?" አለ።

"ሚስቴ ናት፣ ምጥ ላይ ናት! መኪናዋ እንቢ አለችኝ!"

ከካሚዮኑ ላይ የቡት ጫማ ድምፅ ዱብ ዱብ አለ። አለቃቸው "ወዴት ነው? ተመለሱ!" ሲል የሰማው የለም። "ግባ፣ አንተ መሪውን ያዝ" አለው አንዱ። ገፏት። ሀሩን ፍጥነቷን ጠብቆ ማርሽ አስገባባት፤ ሞተሩ አንገራገረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሣ። በሦስት እግሯ እንደምታነክስ በቅሎ እየዘለለች ከዋሻው ወጣች። ደጋው ጉም ውስጥ ነበር፤ ጣይባ ቀዝቃዛውን አየር በአፏ ሙሉ ሳበችው።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲደርሱ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ራቢዓ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። "አልሐምዱሊላህ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

ሀሩን ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። መኪናዋን ገፍተው ያወጡለትን ወታደር ልጆች ዋሻው ጨለማ ስለነበር መልካቸውን እንኳ አላየም። "አላህ ይጠብቃችሁ" ለማለትም ጊዜ አላገኘም። ይህን ጊዜ ቆላውን ጨርሰው፣ ካራቆሬን አልፈው ወደ ግንባሩ ተቃርበው ይሆናል። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።