ባዶ ተሳቢ የጠጣው ቤንዚን

«መርሳ ላይ አንዲት አለች አሉ» ይላሉ እትዬ ሸዋዬ፤ ጎመን ሲቀነጥሱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም። «ወርቁን ብርቱካን ልጣ የምታጎርሰው!» ፊቷን ያየ፣ ደጇን ያወቀ የለም። ወሬው ግን ወልድያን ሲዞር ከርሞ መጨረሻ አለሚቱ ጆሮ ውስጥ ጎጆ ሠራ።

አለሚቱ አውራ ጎዳናው ዳር የአባቷን ቤንዚን ከበርሜል እየቀዳች የምትሸጥ ልጅ ናት። ሒሳብ ያስተማራት በርሜሉ ነው። የትኛው መኪና የት ደርሶ ስንት እንደሚጠጣ ከሾፌሮቹ አብልጣ ታውቃለች፤ ይህንንም ሳትናገር የዋለችበት ቀን የለም። ወርቁ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ላንድሮቨር የሚነዳ፣ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ እሺ የተባለ ሰው ነው። ጠዋት የላንድሮቨሩን ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ቋቱን፣ እስከ አፉ ትሞላለታለች። መርሳ ወርዶ ፍራፍሬ ጭኖ ሲመለስ የጎደለውን እሷው ትተካለታለች።

ጣጣው የመጣው ላንድሮቨሩ ተሳቢ ከተቀጠለለት ወዲህ ነው። ደርሶ መልስ ሁለት ጣሳ ይበቃው የነበረ መኪና ሦስት ይውጥ ጀመር።

«ጭነት ነዋ» አለች በልቧ፣ ላለመቅናት። አንድ ሐሙስ ግን ፍራፍሬው አልደረሰም ተብሎ ተሳቢውን ባዶውን ጎትቶ ተመለሰ። ቀዳች። ሦስት ጣሳ!

«ባዶውንም ሦስት?»

«ተሳቢው ነዋ አለሜ። እሱ ነው የሚጠጣው።»

«ሞተር የሌለው ምን አፍ አለውና ይጠጣል? ወይስ የሐብሩን ወረዳ ሙሉ ዞረህ ነው ከደጇ የምትደርሰው?»

«ኧረ በማርያም! ከማን ደጅ?»

ቀረብ ብላ ኮቱን አሸተተች። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ወሎ ያደገች ቀናተኛ ሴት ከወንድ ልብስ ላይ ጢስ ስትሸት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይባ ታጥና፣ ገላዋን አሙቃ የምትጠብቀው ሌላ ሴት።

«የወይባዋ ጢስ እንኳ አለቀቀህም!»

«ከተሳቢው ጎማ በኩል ነው የሚሸተው። እኔንም ገርሞኛል...»

«ጎማ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጢስ የሚሞቀው?»

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ ሳቁ። ወርቁ ብቻ አልሳቀም።

በነጋታው ሽማግሌዎቹን አስጠራች። «አባቶቼ፣ ሰው ይዋሻል፤ ጣሳ አይዋሽም። ልጃችሁን ለመርሳዋ ስጡልኝ።» አባቷ ቢለምኗትም «በእጄ ቀድቼ ያየሁትን?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ወርቁ ሦስት ጊዜ አማላጅ ላከ፤ ሦስቴም በምላሷ መለሰችው።

በዓመቱ እውነትም መርሳ ላይ አገባ። «አላልኩም?» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ይኸው!» አለች አለሚቱም፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ሙሽራዪቱ አዲስ የተቀጠረች አስተማሪ እንደሆነች፣ ወሬው ሲወራ መርሳን ረግጣ እንደማታውቅ ስትሰማ ግን እንዳልሰማች ሆነች።

ከሠርጉ በኋላ ወር ሳይሞላ መካኒኩ ጀብሪል የመኪና ዕቃ ማጠቢያ ቤንዚን ሊገዛ መጣ። በእጁ አንድ የጠቆረ ነገር ይዟል። አለሚቱ ጣሳውን እንዳነሳች ቆመች፤ ያ ጢስ ሸተታት፣ ያው ራሱ።

«ምንድነው እሱ ጀብሪል?»

«የወርቁ ተሳቢ የፍሬን ሸራ ነው እህቴ። ሲገጥሙት አጥብቀውት፣ ወላሂ ከተሠራ ጀምሮ ግራ ጎማው ለቆ ዞሮ አያውቅም። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ መኪናው በግድ ሲጎትተው ነው የኖረው። በቀን አንድ ጣሳ ቤንዚን የበላው ይቺ ናት።»