ድምፅ የሌለው ካሜራ

አይ አጎት! ባዳ ቢያደርገው እኮ ማን ይደነቅ ነበር?

ልጅቷ ጉርድ ፎቶ እያነሳች ነው የምትተዳደረው። ቴአትር ቤት ሲጠራት የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙያውን ላስተማራት ለእናቷ ወንድም። «የመጨረሻው ልምምድ ላይ እንግዶች ይጋበዛሉ፤ እዚያ አንስተሽ ከወደድነው የዓመቱ ሥራ ያንቺ ነው» ብለዋታል። ከ«ቀና በል፣ ዓይንህን ግለጥ» ኑሮ የምትወጣበት በር ይኼ ነበር። ቀኑን ሳይቀር ነገረችው።

የቀራት ካሜራ መግዛት ነው። አጎቷ «ብቻሽን ከሄድሽማ ያታልሉሻል» ብሎ አብሯት ሱቅ ገባ። ሻጩ ሁለት ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ዲኤስኤልአር፣ ሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው ወፍራሙ፤ ሌላው ሚረርለስ፣ መስታወት አልባው ቀጭኑ። ዋጋቸው ያው ነው።

«ይኼኛው ውስጡ የሚላተም መስታወት ስለሌለው ሲያነሳ ድምፅ የለውም» አለ ሻጩ ቀጭኑን እያገላበጠ።

ልቧ ወደዚያ ሄደ። አጎቷ ግን ሳቀ።

«ድምፅ የሌለው ካሜራ ደግሞ ምን ካሜራ ነው? መጫወቻ ነው እንጂ! ባትሪው ገና ሳትጀምሪ ያልቅና ጉድ ይሠራሻል። እኔን ስሚኝ ልጄ፣ ወፍራሙን ያዢ።»

«ግን ጋሼ፣ ቴአትር ቤት እኮ ነው፤ ጸጥታ...»

«ኤዲያ! ማን ይሰማሻል? ዕድሜ ልኬን ሳነሳ ማን ሰማኝ?»

ጋሼ ካለ አለቀ። ወፍራሙን ገዛች።

የልምምዱ ዕለት ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ተዋናይቷ የሞተ ልጇን ጫማ አቅፋ ዝም ብላለች፤ አዳራሹ ትንፋሹን ውጧል። ልጅቷ ጣቷን ጫነች። ቀጭ! በዚያ ጸጥታ መሀል በር የተላተመ ነው የመሰለው። ተዋናይቷ ደንግጣ ዞረች።

«ማነው እሱ? ኧረ በሕግ አምላክ!» አለ አዘጋጁ ከጨለማው ውስጥ። «አስወጡልኝ!»

ዕቃዋን ሰብስባ በሐፍረት ተሸማቃ ወጣች። አጎቷ ጋ ብትደውል፣ ብትደውል አያነሳም።

በሳምንቱ በዚያው ስታልፍ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ግድግዳውን የሚያህል ፖስተር ተሰቅሏል፤ ጫማ ያቀፈች እናት፣ የሆነ ድምፅ የሰማች ይመስል ደንግጣ፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ ስትዞር። «እንዴት አድርጎ ቀለባት!» ይላል አንዱ። እውነት ለመናገር እሷም አደነቀች። ከዚያ ከታች ጥጉ ላይ የራሷን ሰማያዊ ሻሽ አየች። ሻሿን፣ ትከሻዋን፣ ፊቷ ላይ የደቀነችውን ወፍራም ካሜራ። ከኋላዋ፣ ከሰገነቱ ላይ የተነሳ ነው። ከሥሩ የአጎቷ ስም ተጽፏል።

ክው አለች። ለካ እሷ አስደንግጣለት ነው እሱ ያነሳው! ከኋላዋ ሆኖ ሲያነሳ ደግሞ አንድም ድምፅ አልሰማችም።

እሳት ለብሳ ስቱዲዮው ደረሰች። ቀጭኑ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል።

«ባትሪው አላለቀብህም፣ ጋሼ?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ተይ እንግዲህ፣ የኑሮ ጉዳይ ነው» አላት። «የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው።»

«ልጄ አልከኝ እኮ! እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ልጄ ብለህ ነው ያስገዛኸኝ!»

የካሜራውን መነጽር መወልወል ጀመረ። በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት፣ በደስታ የምትሆነውን አጥታ።

«ሰማሽልኝ? ወንድሜ ቴአትር ቤት የዓመት ሥራ አገኘ! ወሬውን ያመጣችልኝ እሷ ናት አለኝ። ተባረኪ ልጄ! አንቺስ፣ የራስሽ ነገር ከምን ደረሰ?»

ልጅቷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ከካሜራው አጠገብ አስቀመጠችው።

«አንተው ንገራት» አለችው።