ጣሳው ውስጥ ያደረ ጓንት

ባሌ ዘመድኩን ሲቀላ በሚባለው ገበያ አጠገብ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አልጋና ቁምሳጥን ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። እኔም እዚያው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። የቫርኒሹ ማቅጠኛ ቲነር እጁን አንጥቶ ሲሰነጣጥቀው የሥራ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተክለወልድ ወፍራም የጎማ ጓንት ገዙለት።

"ይሄ ተጥሎ የሚቀር አይደለም። እያጠብክ ዓመት ትሠራበታለህ" አሉት።

በምን እንደሚታጠብ አልነገሩትም። የሚያውቁም አይመስለኝም።

ሥራ ስንጨርስ ብሩሾቹ እንዳይደርቁ ቲነር ባለበት ጣሳ የምነክራቸው እኔ ነኝ። ጓንቱንም አብሬ ነከርኩት። ጠዋት ስናወጣው ቫርኒሹ ለቆ፣ ጎማው ለስልሶ ነበር።

"ወሰኔ፣ የሕፃን ቆዳ አስመሰልሽው እኮ" አለኝ ጣቶቹን እያስገባ።

ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር አንድም ቀን ሳልነክረው አልቀረሁም።

እጁ ግን ባሰበት። የጠረጠርኩት ምግቡን ነበርና የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ከለከልኩት።

"እጄ አልበቃ ብሎ ዓሣዬንም ልጣ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቁስሉ ማዠት ሲጀምር ክሊኒክ ሄድን። ሰሊሆም የሚባል ነርስ እጁን አገላብጦ አየው።

"ጓንት የለህም?"

"አለኝ።"

"በምን ታጥበዋለህ?"

"እሷ ናት የምታጥብልኝ። በቲነር ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች" አለ፣ እየኮራብኝ።

ሰሊሆም ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ ጎማ ቲነር ይጠጣል። ባዶ እጅ ላይ ቢፈስ ተንኖ ያልቃል፤ ጓንት ውስጥ ሲሆን ግን መውጫ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ሲበላው ይውላል። በውሃና በሳሙና ነው የሚታጠበው። እንዲህ ከለሰለሰ ደግሞ ይጣላል።"

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዘመድኩን "ይሄ ልጅ ምን ያውቃል" አለኝ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል።

በሳምንቱ ቅላቱ ክርኑን አለፈ፤ ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል ስናደርሰው የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉን። በአራተኛው ቀን አረፈ።

አርባውን አውጥቼ ሥራ ስመለስ በቦታው የአብስራ የምትባል ልጅ ቆማለች። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ያጣች ናት። ያንኑ ጓንት ከጣሳው እያወጣች ታራግፋለች።

"ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?"

"ጋሽ ተክለወልድ። የዘመድኩን ዘዴ ነው አሉኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ዕቃ አያያዝ ይችልበት ነበር ብለው።"

"የእሱ አይደለም። የእኔ ዘዴ ነው" አልኳት። ጓንቱን ከእጇ ነጠቅኳት። ሰሊሆም ያለውን፣ ክርኑን፣ አራቱን ቀን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ ቫርኒሽ በሳሙና ይለቃል እንዴ?" አለች ግራ ገብቷት።

"አይለቅም። ይቆሽሽ። አዲስ ይግዙልሽ።"

ጋሽ ተክለወልድ ከኋላዬ መጡ። ጓንቱን ቀስ ብለው፣ በሽተኛ እንደሚይዙ፣ ከእጄ ወስደው ለልጅቷ መለሱላት።

"አትዘኚባት" አሏት የአብስራን። "ሐዘን ላይ ናት።"

ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ጓንቱ ውስጥ ጣቶቿን አስገባች።