አረንጓዴውን ይዘህ ግባ

ያፌት የጀልባ መሪ ከጨበጠ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጀልባ ከዐለት ጋር አላጋጨም። ይህን በሰሜኑ የበረዶ አገር ባለችው በዲስኮ ደሴት የማያውቅ ሰው የለም፤ ያፌት ራሱ ሳይናገረው የዋለበት ቀን የለምና።

የባሕሩ በረዶ ቀልጦ ጀልባዎች ውሃ በገቡ ሰሞን፣ አርባ ዓመት የሞላት ልጁ ፒፓሉክ በጎረቤታቸው በኡልሪክ ፊት ነገሩን አፍርጣ ነገረችው።

«አባዬ፣ ዓይንህ እየደከመ ነው። አንዴ ከተሳሳትክ መሪውን ለኔ ትለቃለህ።»

ያፌት ሆዱን ይዞ ሳቀና እሺ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን በዚያ ሰዓት ማን አስታወሰው።

በሐምሌ አባትና ልጅ ያፌት ወደተወለደበት ወሽመጥ ሄዱ። እሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሰው ለቆት የወጣ ኦና መንደር ነው። መንገድ ላይ ፒፓሉክ ጂፒኤሷን ከፈተች።

«ዝጊው እሱን» አላት። «የተወለድኩበት ቤት ለመግባት ከሰማይ ልጠይቅ ነው?»

«ከሰማይ መጠየቅ ምን ነውር አለው? ቄሱም የሚሉት ይኸንኑ ነው።»

«ቄሱ መሪ አይዙም።»

የመግቢያው ዘዴ ቀላል ነበር። በወሽመጡ አፍ ግራና ቀኝ ውሃ የዋጣቸው ዐለቶች አሉ፤ በመካከላቸው ያለችው መንገድ ከሁለት ጀልባ ወርድ አትበልጥም። ዳርቻው ሁሉ ራቁቱን የቀረ ድንጋይና የድንጋይ ሽበት ሲሆን፣ የእነያፌት ቤት የቆመበት ቦታ ብቻ ይለመልም ነበር። እናቱና የእናቱ እናት ከባሕር የታደነውን የአቆስጣ ደምና የዓሣውን ሆድ ዕቃ ዕድሜ ልካቸውን ደጃፉ ላይ እየደፉ መሬቱን አስብተውታል። አባቱ ስለዚህ መግቢያ ያስተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አረንጓዴውን ይዘህ ግባ።»

ወሽመጡ ጋ ሲደርሱ ያፌት ቀና ብሎ አየ። ተዳፋቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል። ድሮ መሬት ለመሬት ይሳብ የነበረው አኻያ፣ ብርዱ እየሳሳ በረዶው ቶሎ እየቀለጠ ሲሄድ ቀና ማለት ተምሯል፤ እንዲያውም ጉልበት አልፎ ወገብ ደርሷል። ያፌት የዓይን አዋጅ ሆነበት። ሆኖም ኩራቱ አላስጠይቀው አለና ከሁሉም ጠቆር ያለችውን አረንጓዴ መርጦ የጀልባዋን አፍንጫ ወደዚያ አዞረ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ፒፓሉክ።

«የእናቴን ደጅ ልስት ነው?»

ሳተው። ከሥር አንድ ነገር ጀልባዋን ደለቃት፤ ሞተሩ ጮኸና ጸጥ አለ። ከሞተሩ ተሽከርካሪ መቅዘፊያ አንዱ ክንፍ ተሸርፎ ነበር። ፒፓሉክ በቀዘፋ ከዐለቱ ካላቀቀቻት በኋላ መጥታ የመሪውን ቦታ ያዘች። ያፌት ኩም አለ፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

መሪው በፒፓሉክ እጅ መሆኑን ከሩቅ ያየው ኡልሪክ ወደብ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ያፌት፣ ድንጋዩን ሰላም አልከው?»

«አንተኑ ይመስላል። ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።»

«እሱንስ ከስልሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ጠየቅኸው። እኔ ቤት መች ብቅ ብለህ ታውቃለህ?»

አፉ አልሰነፈም እንጂ የያፌት ሆድ አሮ ነበር። ነሐሴን ሙሉ ከፊት እንደ ድንች ጆንያ ተቀምጦ ልጁ ስትነዳ አየ። ያንገበገበው ሞተሩ አልነበረም። አባቱ የነገሩት ቃል ዋሸ ማለት ነው? አይዋሽም፤ ያፌት እዚህ ላይ ጥርጥር አልገባውም። የተሳሳተ ሰው ካለ ሰሚው ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ከሚኖሩበት ከተማ በላይ ወዳለው ኮረብታ እየወጣ ሣርና ቅጠል ሲያይ ይውል ጀመር። ኡልሪክም «ያፌት በስተርጅና በግ ሆነ» እያለ አስወራበት። በነሐሴ መጨረሻ የመጀመሪያው ውርጭ ወረደ፤ አኻያው ሁሉ ባንድ ሳምንት ቢጫ ሆነ። ኮረብታው ላይ የፈረሰ የጥንት ቤት ነበረ፤ የሱ ሣር ግን እንደለመለመ ፍንክች አላለም። ያፌት ያን ቀን እያፏጨ ወረደ።

«ወደ ወሽመጡ ውሰጂኝ» አላት ልጁን በመስከረም። «ጥቁሩ የዱር ፍሬ ውርጭ ከነካው ወዲህ ጣፍጧል፤ እንልቀም።»

«ፍሬ ሌላ ቦታ የለም?»

«የእናቴ ፍሬ ሌላ ቦታ የለም።»

መንገድ ላይ ሦስት ትልልቅ ዓሣ አጠመዱ። ፒፓሉክ ሆድ ዕቃውን አውጥታ ለነገ ማጥመጃ እንዲሆናት በባልዲ አስቀመጠችው። ወሽመጡ አፍ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ መነሣት ጀምሯል። ፒፓሉክ ጂፒኤሱን አይታ ሞተሩን ቀነሰች።

«አባዬ፣ በዚህ ካርታ ከሄድን አሁን ያለነው ተራራው ላይ ነው።»

«እንግዲያው ውረጂና ልቀሚ።»

«ቀልዱን ተወው። ዐለቶቹ አይታዩም። እንመለስ።»

ያፌት እጁን ዘረጋ። ተዳፋቱ በሙሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ከባሕሩ ከፍ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ መካከል፣ ከአንድ ቤት ወለል እምብዛም የማትሰፋ ቦታ ለምለም እንደሆነች ቆማለች።

«አረንጓዴውን ይዘሽ ግቢ።»

«በሐምሌም አረንጓዴውን ይዘህ ነበር የገባኸው።»

«በሐምሌማ ማን የማይለመልም አለ? አሁን ማን እንደቀረ እዪ። ያኛው አኻያ ትናንት የመጣ ነው፤ ውርጭ ሲነካው ወገቡ ይቆረጣል። ይሄኛው ከእናቴ እጅ የበላ ነው።»

ፒፓሉክ አረንጓዴዋን አየች፤ አባቷንም አየች። ከዚያ ፈቀቅ ብላ መሪውን ለቀቀችለት። የያፌት እጅ ሳያዘው ተንቀሳቀሰ። በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት መሪ አሰኝቶት አያውቅም። ግን ቃል ቃል ነው፤ እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ያንቺ ነው። ንጂ።»

ነዳች። ጥቋቁሮቹ ዐለቶች ከውሃው ሥር በግራም በቀኝም ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፉ። ጀልባዋ ጠጠሩ ላይ ስታርፍ ፒፓሉክ ሞተሩን አጠፋች። ያፌት ወሬውን ለኡልሪክ በምን ቃል እንደሚጀምርለት እያሰበ ዘሎ ወረደ።

ከኦናው ቤት ሣሩ ውስጥ ድንጋዮቹ ብቻ ቀርተዋል። እናቱ ይተኙበት የነበረው መደብ ጋ ሲደርስ ግን ፈገግታው ጠፋ። ጣት የሚያካክሉ አራት የአኻያ ቡቃያዎች በቅለዋል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለና ተንበርክኮ መንቀል ያዘ። ሥራቸው ጠልቋል። አንዱን ሲጨርስ አለከለከ፤ ሁለተኛውን ሲጨርስ ወገቡን ያዘ። የከርሞው አሥር ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ያፌት ላይኖር ይችላል። ዐለቱ ያላስፈራውን ሰውዬ ይህ አስፈራው።

«ይሄን በየዓመቱ የሚነቅል ከሌለ» አላት ሦስተኛውን እየነቀለ፣ «መግቢያው አለቀለት።»

ፒፓሉክ ወደ ጀልባዋ ወረደች። የፍሬ መልቀሚያ ልታመጣ መስሎት ነበር። ስትመለስ ግን የያዘችው የዓሣውን ሆድ ዕቃ ነው። ባልዲውን በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ገለበጠችው።

«ነገ በምን ልታጠምጂ ነው?» አላት።

«ሌላ ይገኛል። የአያቴ ደጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው?»

«ልክ እንዲህ ነበር።»

«ይገማል» አለችና አጠገቡ ተንበርክካ አራተኛውን አኻያ ከነሥሩ ነቀለችው።