የተሻረው ጎል

ባሌ ኖርማን በእረፍታችን ኳስ የሚባል ነገር ሳያነሳ የእንግሊዝን ታሪካዊ ከተሞችና ገጠሩን ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ዱራምንም ዮርክንም በሰላም አየን። በአምስተኛው ቀን ግን አንዲት የገጠር መንደር ሻይ ቤት ገብተን፣ ሻይ የሚቀዳውን ሽማግሌ ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አንተ! የዛሬ ሃያ ዓመት በግማሽ ፍጻሜው ጎላችንን የሻርከው ዳኛ አይደለህም?»

«ነኝ» አለ ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ።

«ከጨዋታ ውጪ አልነበረም!» ኖርማን ጠረጴዛውን ደበደበው። «አባቴ አንድም ዋንጫ ሳያይ ነው የሞተው፣ ገባህ?»

«ኖርማን፣ ሰው እያየን ነው» አልኩት።

«ይየን!»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ «ልክ ነህ፤ ጎል ነበር። የዚያኑ ዕለት በቴሌቪዥን ሳየው አወቅሁ» አለ።

ባሌ ይረጋጋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት።

«እያወቅክ ነው ሃያ ዓመት ዝም ያልከው? እኔ እኮ ‹ከጨዋታ ውጪ መስሎት ነው› እያልኩ ነው የቻልኩት!»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ሽማግሌው፣ ማንቆርቆሪያውን መልሶ እያነሳ።

ኖርማን ያዘዘውን ኬክ ሳይነካ ወጣ። ኳስ የማልወደው እኔም ደሜ ፈላ። በሩ ላይ ዞር ብዬ «ይቅርታ ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?» ብለው፣ ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ።

ኖርማን የመኪናውን ቁልፍ ስለሰጠኝ እስከ ቀጣዩ ከተማ ሊንከን ድረስ እኔ ነዳሁ።