ምሳሌ ያጣው ግስ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጇ «አውትዊት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ግስ ጋር ከተፋጠጠች ሳምንት ሊሆናት ነው። «አታለለ» እንዳትል ማታለል ነውር አለበት፤ ይኼ ግስ የለበትም። «በለጠ» ብቻውን ደግሞ በቁመትም በዕድሜም ይሆናል። እንደ ምንም «በብልጠት ቀደመ፣ በዘዴ ረታ» ብላ ጻፈች። የቀራት የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ አልመጣ አለ።

እንዴት ይምጣ! በወዲያኛው ክፍል አባቷ አሉ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ካስታጎሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊፈስ እንደሚችል ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉምሩክ የሰው ሻንጣ ሲበረብሩ የኖሩ ፈታሽ ናቸው፤ ዕቃ የት እንደሚደበቅ ማንም አያስተምራቸውም። ኪኒኑን ምላሳቸው ሥር ይዘው «ዋጥኩት» ይላሉ። በኋላ ከሬዲዮኑ ባትሪ ማስቀመጫ ወይም ከኮታቸው ገበር ውስጥ ይገኛል። ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አልቅሳም አይታለች። አልሆነላትም።

ዛሬ ደግሞ ከምርኩዛቸው ጫፍ ጎማ ውስጥ ኪኒን አወጣች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ አባቷ ሰውን ሲከለክሉ ኖረው ራሳቸው ሲከለከሉ አይሆንላቸውም።

«አባባ፣ ደስ ይበልዎት። ሐኪሙ ኪኒኑ ይቅርባቸው ብሏል። ለእርስዎ ዕድሜ ይከብዳል አለ፤» ብላ ብልቃጡን ወደ መሳቢያ ልትከት ዞረች።

«ለኔ ዕድሜ? እሱ ማን ሆነና ነው! አምጪ ወዲህ!»

ዋጡ። አፋቸውን አስከፍታ ምላሳቸው ሥር ሳይቀር አየች፤ የለም። እየበረረች ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ «ልጅቱ አባቷን በብልጠት ቀደመቻቸው» ብላ ጻፈች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

የውሃውን ብርጭቆ ለማንሳት ስትመለስ አባቷ ይጠብቋታል።

«ሊቋ፣» አሏት፤ ሲያሾፉባት እንዲህ ነው የሚጠሯት። «ሐኪሙ እውነት እንደዚያ ቢል ኖሮ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ትነግሪኝ ነበር። ስንቱ ዋሾ ሻንጣውን ይዞ ፊቴ ቆሟል መሰለሽ?»

ደሟ ፈላ። «አውቀው ነው? ታዲያ ለምን ዋጡት?»

«ምርኩዙን ስትፈትሺ አየሁሽ። እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሁለተኛ አልደብቅም።»

ብርጭቆውን አነሳች። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና በምትኩ «አባትየው ልጃቸውን በብልጠት ቀደሟት» ብላ ጻፈች።